አባዬን ሰክሯል ያሉት ዕለት

እህትም እናትም ለሆንሽኝ ለእታለም፤

እንዴት ከረምሽ? ወገብሽስ እንዴት ነው? ብርዱ እንዴት አደረገሽ? ባለቤትሽ ደህና ነው ወይ፣ ልጆቹስ? ትልቋ ጥርሷን አሠራች? ትንሹስ ዳቦ በኪሱ ይዞ መተኛቱን ተወ? እኛን ያልሽ እንደሆነ በሕይወት አለን። ደህና ነን ብዬ ልጀምር ብዕሩን አንስቼ ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ። በሕይወት አለን፤ ለዛሬ ይኸው ይብቃሽ።

በስልክ ያልነገርኩሽ ነገር አለ። ስልኩ የሚቀመጠው ከአባዬ ራስጌ ነው፤ እሱ ደግሞ ዓይኑ ደከመ እንጂ ጆሮው ዛሬም የሩቅ ሞተር ሰምቶ የትኛው ሲሊንደር እንደታመመ ይነግርሻል። አንቺም የደወልሽልኝ ዕለት አልቅሰሽ አልቅሰሽ፣ በመጨረሻ ምን እንዳልሽኝ ታስታውሻለሽ። የአባቴን እግር ያስቆረጠው ሰው ዛሬም በሁለት እግሩ ይሄዳል ወይ፣ አንተ ወንድ ልጅ አይደለህም ወይ ብለሽኛል። እኔ ዝም አልኩሽ። ዝም ያልኩት መልስ አጥቼ አልነበረም፤ መልሱን እሱ አጠገብ ሆኜ ማውጣት ስላልቻልኩ ነው። አሁን ተቀምጠሽ አንብቢው። ልጆቹ አጠገብሽ ካሉ ድምፅሽን አታውጪ፤ ደም ያለበት ወሬ ነው።

አባዬ ስኳር እንዳለበት ታውቂያለሽ። አንቺ ስትሄጂ ግን ስኳሩ ገና እንግዳ ነበር፤ ከሄድሽ በኋላ የቤቱ ጌታ ሆነ። መጀመሪያ እግሩን አደነዘዘው። አንድ ቀን ጫማው ውስጥ ብሎን ገብቶ ሲረግጠው ውሎ፣ ማታ ካልሲው በደም ርሶ ስናየው ነው ያወቅነው። ቀጥሎ ዓይኑን ጋረደው፤ መኪናውን ያስረከበው ያኔ ነው። በላዩ የደም ግፊት መጣ፤ ሁለቱ ተጋግዘው ኩላሊቱን ያዙት። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለውን ተረት ልጆች ሳለን ትዕግሥት ሊያስተምረን ነበር የሚነግረን፤ አሁን ራሱ ለበሽታው ይተርተዋል።

ዶክተሯን፣ ረጋ ያለች ባለ መነጽር ሴት ናት፣ ይህ ሁሉ ከየት መጣ ብዬ ጠየቅኳት። እሷ መልሳ እኔን ጠየቀችኝ። ሥራው ምን ነበር? የከባድ መኪና ሹፌር። ታዲያ ቀኑን ሙሉ ቁጭ ነዋ? አዎ። ያጨስ ነበር? አንዱን ባንዱ ነበር የሚለኩሰው። እንቅልፍ ሲጥለውስ? ለስላሳውን፣ ስኳር የሞላበትን ሻይ፣ ያገኘውን ጣፋጭ። ቦርጩስ? መሪው ይነካው ነበር። ከዘመድ የታመመ ነበር? ያኔ አክስታችን ትዝ አለችኝ፤ ስኳር ዓይኗን ያጠፋባት፣ እየዳሰሰች በራችንን ታንኳኳ የነበረችው። እናታችንም ትዝ አለችኝ፤ ግፊት እንዳለባት ሳናውቅ ልብስ ስታሰጣ ወድቃ የቀረችው። ዶክተሯ ጽፋ ጨረሰችና፣ እድሜ በሩን ይከፍታል እንጂ ብቻውን ቤት አያፈርስም፤ የቀረውን ዘርና አኗኗር ናቸው የሚሠሩት አለችኝ።

ወደዚያ ዕለት ልምጣ። አባዬ ማለዳ የኩላሊት ምርመራ ቀጠሮ ነበረው፤ ደም የሚሰጠው ባዶ ሆድህን ነው ተብሏል። ባዶ ሆዱን ሄደ። የስኳር መርፌውን ግን እንደ ልማዱ ወግቶ ነው የወጣው። ምግብ የሚዘገይ ከሆነ መርፌውም መዘግየት እንዳለበት ወይ ሳይነግሩት ቀርተዋል፣ ወይ ነግረውት ረስቷል። ላብራቶሪው በር ላይ ሰልፉ አይገፋም። ደም ሰጥቶ ሲወጣ ፀሐዩ ከሮ ነበር። ቤቴ ገብቼ እበላለሁ ብሎ አውቶቡስ ሊይዝ ወደ መናኸሪያው አዘገመ። ብቻውን ነበር። እኔ ጋራዥ ውስጥ አንድ ሞተር በትኜ ክንዴ ድረስ ዘይት ነክቶኛል።

መናኸሪያው ሲደርስ ላብ አጥምቆታል፤ ይንገዳገዳል፤ ምላሱ ተሳስሯል። ሰልፉን ጥሶ ወደፊት ሄደ። መሪዬን ማን ወሰደው፣ መሪዬን አምጡ ይል ነበር አሉ። ሰው ሳቀበት። ከዚያ አንዲት ሴት ገፈተረ ተባለ። ያኔ የሰማሁት ይህን ብቻ ነው፤ ሴት ገፈተረ። እንዴት ገፈተረ፣ ማንን ገፈተረ ብዬ አልጠየቅኩም። ሰው የተጎዳበት ሰው፣ የራሱን ጉዳት ብቻ ነው የሚሰማው።

ሰካራም ሽማግሌ ሴት መታ ሲባል ጫኝና አውራጆቹ ወረዱበት። ረዳቶቹ ተጨመሩ፤ ትኬት ይዞ የቆመ መንገደኛ ሳይቀር ሻንጣውን መሬት አስቀምጦ አንድ ጊዜ ረግጦት ተመለሰ። ከሁሉ የባሰው ክሬን የሚሉት ነው። ክሬን ያሉት ሁለት ሰው የሚሸከመውን ብቻውን አውቶቡስ ጣሪያ ላይ ስለሚያወጣ ነው። ከዘራውን ከእጁ ነጥቆ ጀርባው ላይ ሰበረው። ከወደቀም በኋላ አፍንጫው ብረት በሆነው የሥራ ጫማው ግራ እግሩን ረገጠው፤ አሁንም ረገጠው። አባዬ አልጮኸም። አለመጮኹ ንቀት መሰላቸው፤ ባልጮኸ ቁጥር ጨመሩለት። እግሩ ከሞተ መቆየቱን ማን ይወቅ?

ያዳነው የጥንት ረዳቱ ነው፤ አሁን እሱም ሸምግሎ የራሱን አውቶቡስ ይነዳል። ግርግሩን አይቶ ሰዉን በክርኑ ከፈለና መሬት ላይ ያለውን ፊት ሲያይ ደነገጠ። ይህ ሰው በዕድሜው መጠጥ ቀምሶ አያውቅም ብሎ ጮኸባቸው። ሰዉ አንድ ባንድ ተበተነ። ለእኔ ደወለልኝ።

ስደርስ አባዬ ቦዩ ጠርዝ ላይ ተጋድሟል። ሰውነቱ በላብ ርሶ እንደ ውሃ ቧንቧ ቀዝቅዟል። መንጋጋው ተቆልፏል። ከቅንድቡ የሚወርደው ደም ጆሮው ውስጥ እየገባ ነው። ጭንቅላቱን ታቅፌ በረዳቱ አውቶቡስ፣ ከነተሳፋሪዎቹ፣ ወደ ጤና ጣቢያው በረርን። ነርሱ ጣቱን ወጋ አድርጎ የስኳር መለኪያዋን አያትና፣ መጠጥ አይደለም ስኳሩ አልቋል ብሎ ተጣራ። ክንዱ ላይ ግሉኮስ ሰጡት። እታለም፣ እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም። ሞተ ብዬ ተስፋ የቆረጥኩበት ሰው፣ ባትሪ እንደገባለት መኪና ሁለት ሦስቴ ተንፈራገጠና ዓይኑን ገለጠ። ሸሚዜን አየ። ሸሚዜ በሱ ደም ተጨማልቋል። እጁን አንስቶ ደረቴን ዳሰሰና እንዲህ አለኝ፦

«ልጄ፣ ማነው የመታህ?»

ወጥቼ ግድግዳውን ተደግፌ ነው ያለቀስኩት።

ከዚያ ሆስፒታል አስተኙት፤ ቅንድቡ ተሰፋ፤ የጎድን አጥንቱ ጊዜ ይፈልጋል ተባለ። የግራ እግሩ ጣቶች ግን ከጥቁር ወደ ባሰ ጥቁር ሄዱ። የሌላ ሰው እግር ቢሆን ኖሮ በጥቂት ሳምንት የሚድን ቁስል ነው አለች ዶክተሯ፤ የእሱ ግን የደም ሥሩ በስኳርና በሲጋራ ጠቧል፣ ደም ካልደረሰ መድኃኒትም አይደርስም። ሽታው ክፍሉን ሞላው። አጠገቡ የተኛው ታማሚ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ነበር የሚበላው። በመጨረሻ ከጉልበቱ በታች ቆረጡት። አንቺ የደወልሽልኝ በማግሥቱ ነው።

«እልህ ምላጭ ያስውጣል» ይላሉ። እኔ ስልኩን ዘግቼ በቀጥታ ጋራዥ ሄድኩና የከባድ መኪና ጎማ መፍቻ አነሳሁ። አለቃዬ የት ትወስደዋለህ ሲለኝ መንገድ ላይ የቆመ መኪና አለ አልኩት። ቀትር ነበር። መናኸሪያው በሰው ተሞልቷል። ክሬን ጆንያ ተሸክሞ የአውቶቡስ መሰላል ይወጣል። ስሙን ጠራሁት፤ ዞረ። የማን ልጅ እንደሆንኩ ነገርኩት። መፍራት የሚገባኝን ያህል እንኳ አልፈራሁም።

ጆንያውን ሊወረውርብኝ ሲል ቀኝ ክንዱን በመፍቻው መታሁት። አጥንቱ ሲሰበር ድምፁን ሰማሁት፤ ደረቅ እንጨት ይመስላል። ከመሰላሉ ወደቀ፤ ላዩ ላይ ወጣሁ። ባንድ እጁ ጉሮሮዬን ሲይዘኝ ግን ክሬን ለምን እንዳሉት ገባኝ። ዓይኔ ጨለመ። በግንባሩ አፌን መታኝ፤ የታች ጥርሴ ከንፈሬን በስቶ ወጣ። መፍቻው ከእጄ ወደቀ። የተሰበረ ክንዱን ያዝኩና ጠመዘዝኩት። ጮኸ። መጮኹ ደስ አለኝ፤ ይህን ለማንም አልነገርኩም፣ ላንቺ ግን እነግርሻለሁ። አባዬ ያልጮኸውን እየጮኸልኝ መሰለኝ። ደግሜ ጠመዘዝኩት።

ያኔ አንዲት ሴት ላዬ ላይ ወደቀች። ፀጉሬን ይዛ ወደኋላ ጎተተችኝ። ቀና ስል ፊቷን አየሁት። አፍንጫዋ ወዳንድ ጎን ተጣሟል፤ በላዩ ፕላስተር አለ። አንድ ዓይኗ ዙሪያው ወይን ጠጅ መስሏል። አፏን ስትከፍት ከፊት ሁለት ጥርስ የለም። የመናኸሪያው ትኬት ቆራጭ ናት።

«አባትህ ፊቴን ሰበረ፤ አንተ የወንድሜን እጅ ሰበርክ። ከቤታችን የቀረች እናታችን ናት፤ አልጋ ላይ ናት፤ እሷንም ሂዱና ጨርሱልን» አለችኝ።

መፍቻውን እንኳ አላነሳሁም። ፖሊስ እስኪመጣ እዚያው መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

ነገሩን የተረዳሁት ፖሊስ ጣቢያው አግዳሚ ላይ ነው። አባዬ ሰልፉን ጥሶ ሲመጣ ያቺ ሴት ተነሥታ፣ አባባ ጥላ ሥር ይቀመጡ፣ ትኬቱን እኔ አመጣልዎታለሁ ብላ ክንዱን ያዘችው። ልትረዳው ነበር። እሱ መሪውን የምትነጥቀው ሌባ መሰለችው። ከዘራውን ሽቅብ አንሥቶ ፊቷ ላይ አወረደው፤ እጇን ስትጋርድ እጇን መታ፤ ስትወድቅም አልተወም። ገፈተረ ያሉኝ ይህን ነው። ስኳር እንዲህ ሲያሽቆለቁል አእምሮ ምግብ ያጣል፤ ሰው ወዳጁን አይለይም፣ ይቆጣል፣ ይማታል፤ ሲነቃም አያስታውስም። ይህን ዶክተሯ ኋላ ነው ያስረዳችኝ። ኩላሊቱ ሲደክም መድኃኒቱ ቶሎ ከሰውነት ስለማይወጣ፣ የትናንቱ ከዛሬው ጋር ይደመራል አለችኝ።

ከክሬን ጋር ባንድ አግዳሚ ነበር ያስቀመጡን፤ እሱ ክንዱን በካርቶን አስሮ፣ እኔ ከንፈሬን በጨርቅ ይዤ። ብዙ ቆይተን እኔ፣ አባቴ ሰክሮ አልነበረም፣ ታሞ ነው አልኩት። ሰካራም መሰለኝ አለ። ቢሰክርስ፣ የወደቀ ሽማግሌ ይረገጣል ወይ አልኩት። ክንዱን ያሰረበትን ካርቶን አስተካከለ። ከዚያ ወደ እኔ ሳይዞር እንዲህ አለ፦

«እህት አለህ?»

አለችኝ አልኩት።

«እንግዲያው አትጠይቀኝ።»

አንቺን አሰብኩሽ፣ እታለም። አፍንጫሽ ተሰብሮ፣ በደም ታጥበሽ፣ አንድ ሽማግሌ ከዘራ አንሥቶ ላይሽ ላይ ቆሞ። ምን አደርግ ነበር? መልሱ ከንፈሬ ላይ ያለው ጨርቅ ላይ ነበር። ስለዚህ ያ ሰው በሁለት እግሩ ይሄዳል ወይ ላልሽኝ፣ ይሄዳል። እጁ ግን አልገጠመም፤ ድጋሚ ይሰበራል እየተባለ ነው። ጣቶቹ አይጨብጡም። ሸክም ነበር ሥራው።

ከጣቢያው ከንፈሬን እንዲሰፉልኝ ወደዚያው ጤና ጣቢያ ወሰዱኝ። ያው ነርስ ነው ያገኘኝ። ከመስፋቱ በፊት ግፊቴን ለካና ፊቱን ቅጭም አደረገ። ተጣልቼ ነው የመጣሁት አልኩት። አውቃለሁ ብሎ ጣቴን ወጋኝ። ከጠብ የሚመጣ ስኳር አይደለም ይህ አለኝ። በዋስ ወጥቼ ሌላ ቀን በባዶ ሆዴ ተመለስኩ፤ እንደገናም ተመለስኩ፤ ያው ሆነ። ግፊትም ስኳርም አለብኝ። ምንም አይሰማኝም ነበር። ውሃ ይጠማኝ ነበር፤ የጋራዥ ሙቀት ነው እላለሁ። ሌሊት ለሽንት እነሣ ነበር፤ ውሃ ስለጠጣሁ ነው እላለሁ። እኔ እንኳ ከመኪና ሥር ተጋድሜ ስለምሠራ ሥራዬ እንቅስቃሴ ነው ብዬ ሲጋራውንም ጨዉንም አልተውኩም። ሰው ለራሱ ሲሆን ጠበቃ አያጣም።

ወደ አባዬ ልመለስ። ስለ ሴቲቱ ደብቄው ነበር። የነገረው ረዳቱ ነው፤ ክፋት አስቦ አይደለም፣ የሚያውቅ መስሎት ነው። ገብቼ ስጠይቀው አባዬ ቀኝ እጁን ብርድ ልብሱ ላይ ዘርግቶ ያያታል። እናታችን ላይ እጁን እንዳላነሣ አንቺም እኔም እናውቃለን። መንገድ ላይ ሚስቱን የሚመታ ሰው ካየ መኪና አቁሞ የሚወርድ ሰው ነው።

«ይህቺንም ይቁረጧት» አለኝ። እጁን ነው።

ከዚያ መብላት አቆመ። መርፌውንም እምቢ አለ። ሳልበላ መርፌ ወጋሁ፣ እንዲህ አደረግኩ፤ አሁን ሁለቱም ይቅርብኝ አለ። ለመንኩት፤ ተቆጣሁት። ዶክተሯ መጥታ፣ መርፌውን ከተዉት ስኳሩ ሽቅብ ወጥቶ ይገድልዎታል አለችው። እሱም የኔ ልጅ፣ የሰው ፊት ከሰበርኩ በኋላ ለምን ልፍራ አላት። ትንፋሹ እየከበደ፣ አፉ የበሰበሰ ፍራፍሬ እየሸተተ መጣ። አንድ ሌሊት በግድ ይዘው ግሉኮስ ሳይሆን የጨው ውሃና የስኳሩን መድኃኒት በደም ሥሩ ሰጡት፤ አንዱን ነርስ በጥርሱ ነከሰው። ይህኛው በሽታው አልነበረም፤ ራሱ ነበር።

ነቅቶ ሲረጋጋ፣ ውሰደኝ አለኝ። ወዴት አልኩት። ወደ ልጅቷ።

በተሽከርካሪ ወንበር ወሰድኩት። መናኸሪያው ደረስን። ጫኞቹ ጆንያቸውን አስቀመጡ፤ አንዳንዱ ከመኪና ጀርባ ሄዶ ቆመ። እሷ ጠረጴዛዋ ላይ ነበረች። ክሬን ክንዱ ጄሶ ውስጥ ሆኖ ከኋላዋ ቆሟል። ያንን ሰው ባየሁ ቁጥር ጎኔ ይሞቃል፤ አልበረደልኝም፣ ለምን እዋሻለሁ። አባዬ ጠረጴዛዋ ጋ ሲደርስ ታምሜ ነው አላለም። ስኳር የምትል ቃል ከአፉ አልወጣችም።

«የመታሁሽ እኔ ነኝ» አላት።

እሷ አየችው፤ የተጠቀለለውን ሱሪውንም አየች። ከጥርሷ ክፍተት የተነሣ ንግግሯ ያፏጫል።

«በሽታው ነው የመታሽ ይሉኛል፣ አባባ። በሽታውን የት አግኝቼ ልጣላው?» አለችው። ቀጥላም ይቅር እንዳለችው እንደማታውቅ፣ ሽማግሌ ከዘራ ይዞ ሲመጣ ዛሬም ከወንበሯ እንደምትነሣ ነገረችው። እሱ አንገቱን ደፍቶ ሰማ። ልንመለስ ወንበሩን ሳዞር፣ አይበሉም አሉኝ አለች፤ ረዳቱ ነግሯት ይሆናል።

«ይብሉ። እርስዎ ከሞቱ የምቆጣው ሰው አጣለሁ።»

አባዬ ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ወንበሩን አቁም አለኝና ለጫኞቹ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ የሚንገዳገድ ሰው ስታዩ መጀመሪያ ጣፋጭ ስጡት፤ የሚውጥ ከሆነ ነው፣ የማይውጥ ከሆነ ሐኪም ቤት አድርሱት፤ ያን ሁሉ አድርጋችሁ አሁንም ከተሳደበ ያን ጊዜ ምቱት አላቸው። አንድ ሁለቱ ሳቁ። ክሬን አልሳቀም። እኔና እሱም አልተጨባበጥንም። ቤት ስንደርስ አባዬ ግማሽ ዳቦና አንድ እንቁላል በላ፤ መርፌውንም ራሱ ወጋ።

ሁለታችንም፣ እኔም ክሬንም፣ በዋስ ነን፤ ፍርድ ቤቱ ቀጠሮ ሰጥቶናል። እኔ ክንዱን ሆን ብዬ እንደሰበርኩ እናገራለሁ። ልታሰር እችላለሁ፤ ከታሰርኩ አባዬን ረዳቱ ቤቱ ይወስደዋል። ይህን ስነግርሽ በራስሽ ላይ እንዳትፈርጂ። መፍቻውን ያነሣሁት እኔ ነኝ፤ ባትደውዪም አነሣው ነበር። ግን እባክሽ፣ ሁለተኛ ወንድ አይደለህም ወይ አትበዪኝ። ወንድ ሆኜ አይተሽኛል።

አሁን የምለምንሽ ስላንቺ ነው። ትንሹን ስታረግዢ ስኳርሽ ወጥቶ ነበር፤ ከወለድሽ በኋላ ጠፋ ብለሽ ረሳሽው። ዶክተሯን ስጠይቃት፣ እንዲህ ያለው ጠፍቶ አይቀርም፣ ከዓመታት በኋላ በሌላ በር ይመለሳል፤ በየጊዜው መለካት አለባት አለችኝ። እናታችን በግፊት ሄደች፣ አክስታችን ታወረች፣ አባታችን እግሩን አጣ፣ እኔም ገባሁበት። የቀረሽው አንቺ ነሽ። ሳይቃጠል በቅጠል ነው። ግፊትሽን፣ ስኳርሽን፣ ኩላሊትሽን ተለኪ። ምንም አይሰማኝም አትበዪኝ፤ እኔም ምንም አይሰማኝም ነበር። ወጥሽ ላይ ጨው ቀንሺ፤ ቀኑን ሙሉ ከስፌት መኪናው ፊት ከምትቀመጪ ተነሥተሽ ተራመጂ። እኔ ሲጋራውን ጥያለሁ፤ በየቀኑ እጥለዋለሁ፣ ገና ከእጄ አልወረደም ግን።

ባለቤትሽን በጣም አድርገሽ ሰላም በዪልኝ። እሱ ይስቅብኛል እንጂ የሱም ሲጋራ ከኔ የሚለየው በፓኬቱ ቀለም ብቻ ነው በዪው። ትልቋን ጥርሷ ላይ ሳሚልኝ። መካከለኛውን፣ ኳሱን ይቀጥል፣ እናቱንም ይዞ ይሩጥ በዪው። ትንሹን ከነዳቦው እቀፊልኝ። ጎረቤትሽን፣ ያቺን ልጆቹን የምትጠብቅልሽን ደግ ሴት፣ ሳላውቃት አመሰግናታለሁ። የአባዬ ረዳት ሰላም ብሎሻል፤ ልጅ ሳለሽ ከመኪናው ጋቢና አልወርድም ብለሽ እንደነከስሽው ዛሬም ያወራል። አለቃዬም ሰላም ብሎሻል፤ ተቆጥቷል ግን አላባረረኝም።

አባዬ አሁን ነቅቶ ለማን ነው የምትጽፈው አለኝ። ለእታለም ስለው ትንሽ አሰበና፣ እግሬ ደህና ነው በላት አለኝ።

የትኛው እግር ብዬ አልጠየቅኩትም።

ታናሽ ወንድምሽ
ከአባዬ አልጋ አጠገብ፣ ጥር ፲፬ ቀን፣ ከሰዓት በኋላ